«ተመልሶ መጣ ወይ?»፦ የፊንጢጣ ሕመሞች ቀዶ ሕክምና ታሪክ በቃላቱ በኩል ሲታይ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሆስፒታል የሚካሄድ ጥናት የሚጠቀምበትን የአማርኛ መጠይቅ እንድመረምር ተጠየቅሁ። ጥናቱ ኪንታሮታቸው በጎማ ቀለበት ታስሮ የታከሙ ሰዎች ከወራት በኋላ በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኙ የሚከታተል ነበር። መጠይቁ በተግባር እንዴት እንደሚነበብ ለማየት ከአንዲት ወጣት ነርስ አጠገብ ተቀመጥሁ። የገቡት ሰው ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ ገበሬ ነበሩ። «አባባ፣ ከታከሙ ወዲህ ኪንታሮቱ ተመልሶ መጥቶብዎታል?» ብላ ጠየቀቻቸው። «የለም ልጄ፣ የታሰረውማ ያኔውኑ ወድቋል፤ በምን እግሩ ይመለሳል?» አሏት። ነርሷ «አልተመለሰም» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገች። ሰውዬው ከዘራቸውን አንሥተው ሊወጡ ሲሉ ግን ዞር ብለው «አሁን የሚያደማኝ ሌላው ነው» አሉ።

በመጠይቁ ላይ «ሌላው» የሚገባበት ሳጥን አልነበረም።

ይህን የመላሹ ስሕተት አድርጎ ማለፍ ይቻላል። ሆኖም ሽማግሌው የተጠየቁትን በትክክል መልሰዋል። ኪንታሮት በአማርኛ ተቈጣሪ ነገር ነው፤ አንዱ ይወጣል፣ ይቆረጣል፣ ይወድቃል፤ ከጎኑ ሌላ ይወጣል። ጥያቄውን ያረቀቀው ሐኪም ግን በቃሉ አንድን ሕመም፣ ማለትም ሊተኛና ሊያገረሽ የሚችል አንድ ሁኔታን ነው ያሰበው። በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምፈልገው፣ በዚህ መስክ ቀዶ ሕክምናን የማሳነስ ታሪክ ከእንዲህ ዓይነት የቃል ልዩነቶች ተለይቶ ሊነገር እንደማይችል፣ የቃላቱም ዕዳ በመጨረሻ በቁጥር ሠንጠረዥ ውስጥ እንደሚገኝ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ከስሙ እንጀምር

አማርኛ ተናጋሪ በእጅ ጣት ላይ የምትወጣውን ሻካራ ጕብታም፣ ከፊንጢጣ የሚወጣውን የሚደማ እብጠትም ኪንታሮት ይላል። ሁለቱ በሕክምና ዐይን ዝምድና የላቸውም፤ የመጀመሪያው በቫይረስ የሚመጣ የቆዳ ዕድገት ሲሆን ሁለተኛው የደም ሥሮች ያሉበት የውስጥ ሽፋን ነው። ስሙ አንድ በመሆኑ ግን አንዱ ለሌላው ምስሉን ያበድራል። የእጅ ኪንታሮት ሥር አለው ይባላል፤ ሥሩ ካልተነቀለ ወይም ካልተቃጠለ ይራባል። ይኸው ምስል ወደ ፊንጢጣው ሲወርድ ሕክምና ማለት መንቀል ወይም ማቃጠል ይሆናል። ቃሉ በትግርኛና በኦሮምኛም ስለሚሠራበት ምስሉ የአንድ ቋንቋ ብቻ አይደለም።

በዙሪያችን ያለው ሌላው ቤተሰብ የዐረብኛው ነው። ዐረብኛ ኪንታሮትን ባሱር፣ መግል የሚያፈሰውን ቀዳዳ ናሱር ይላል፤ ብዙ ቁጥራቸው በዋሲርና ነዋሲር ነው። ስዋሂሊ የመጀመሪያውን በብዙ ቁጥሩ ወስዶ ባዋሲሪ አለ፤ ሶማልኛም ባባሲር ይላል። ሁለቱ ሕመሞች በዐረብኛ በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩ የቤት መምቻ ጥንዶች መሆናቸው ለማስታወስ ይረዳል፤ ለማምታታትም እንዲሁ። በዚሁ ቋንቋ በ12ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ሙሴ ማይሞኒደስ ስለ ኪንታሮት ባዘጋጀው ድርሳን ቆርጦ ማውጣትን በጥርጣሬ ያየዋል። ምክንያቱም ቀላል ነው፦ መቁረጥ መነሻውን ስለማያጠፋ ሌሎች ሊወጡ ይችላሉ። «ሌላው» የሚለውን የሽማግሌውን ቃል ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ይህ ድርሳን ነበር።

ስለ ነውር ቃልም አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 5 ታቦቱን የማረኩትን ፍልስጥኤማውያን የመታቸው ደዌ በዕብራይስጡ ጽሑፍ «ዖፋሊም» ይባላል። የማሶራ ሊቃውንት ግን አንባቢው በዚያ ፈንታ «ጥሖሪም» እንዲል አዘዙ፤ የሚጻፈው ሌላ፣ የሚነበበው ሌላ ሆነ። የግሪኩ ተርጓሚ «ሄድራ» የሚለውን ቃል አስገባ፤ ትርጉሙ መቀመጫ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እባጭ ይላል። ያኔ ለጨዋነት ሲባል የገባው ጥሖሪም ዛሬ በእስራኤል ክሊኒኮች የኪንታሮት ተራ መጠሪያ ሆኗል፤ ከኢትዮጵያ የሄዱ አረጋውያንም ከሐኪሙ አፍ የሚሰሙት እሱኑ ነው። እኛም ከግሪኩ ተርጓሚ ብዙ አልራቅንም። በመጠይቁ የመጀመሪያ ረቂቅ ፊንጢጣ የሚለው ቃል አንድም ቦታ አልነበረም፤ በየጥያቄው የተጻፈው «መቀመጫዎ አካባቢ» የሚል ነበር። ከሲታ ሰው በጠንካራ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የሚሰማው ሕመምም እዚያው ውስጥ ይገባል።

ከመንቀል ወደ መመለስ

የቀዶ ሕክምናው ታሪክ ለረጅም ጊዜ ከመንቀል ምስል አልወጣም። በ1937 የለንደን ቅዱስ ማርቆስ ሆስፒታል ሐኪሞች ሚሊጋን፣ ሞርጋንና ባልደረቦቻቸው የገለጹት ዘዴ የወጣውን ሥጋ ከነደም ሥሩ አሥሮ መቁረጥና ቁስሉን ክፍት ትቶ እንዲድን መጠበቅ ነው። ዘዴው ዛሬም ይሠራበታል፤ ዋጋው ሳምንታት የሚቆይ ሕመም ነው።

ምስሉን የለወጠው በ1975 ቶምሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ ኪንታሮት ባሕርይ ያወጣው ጥናት ነው። በእሱ አባባል ኪንታሮት በኋላ የበቀለ ነገር አይደለም። ማንኛውም ሰው በፊንጢጣው ውስጥ መውጫውን ለመዝጋት የሚያግዙ፣ ደም የቋጠሩ ትናንሽ ትራሶች ይዞ ይወለዳል፤ ሕመም የሚሆኑት የያዛቸው ጅማት ላልቶ ወደ ታች ሲንሸራተቱ ነው። የበቀለ ነገር ይነቀላል፤ የተንሸራተተ ነገር ግን ወደ ቦታው ይመለሳል። ከእንግዲህ «ትንሽ» ቀዶ ሕክምና ማለት ቢላውን ማሳነስ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የግሡ መለወጥም ሆነ።

ተግባሩ ከንድፈ ሐሳቡ ቀድሞ እንደነበር መካድ አይገባም። በዲትሮይት ይሠራ የነበረው ባሮን በጎማ ቀለበት ማነቅን ያስተዋወቀው በ1963 ነው። ቀለበቱ የሕመም ስሜት ከሚጀምርበት መስመር በላይ ይገባል፤ የታነቀው በቀናት ውስጥ ደርቆ ይወድቃል፤ የሚቀረው ጠባሳ ደግሞ የላላውን ሽፋን ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል። በ1995 የጃፓኑ ሞሪናጋ ወደ ኪንታሮቱ የሚሄደውን የደም ሥር በድምፅ ሞገድ እየፈለጉ በክር ማሰርን አቀረበ። በ1998 ጣሊያናዊው ሎንጎ ክብ ስቴፕለር አመጣ፤ መሣሪያው ከኪንታሮቱ በላይ ያለውን ሽፋን እንደ ቀለበት ቆርጦ ሲሰፋው የወረደው ወደ ላይ ይሳባል። የእንግሊዝኛው ሕክምና ይህን ለውጥ በግሪክ ቅጥያ ለይቶታል፤ በ«ኤክቶሚ» የሚያልቀው ቆርጦ ማውጣት ነው፣ በ«ፔክሲ» የሚያልቀው ስቅሎ መስፋት። በአማርኛ የስምምነት ቅጽ ላይ ግን ሁለቱም «የኪንታሮት ቀዶ ጥገና» ተብለው አንድ መስመር ላይ ሲወድቁ አይቻለሁ። ታካሚው የፈረመው ለየትኛው ነው?

«ማገርሸት» የተለካበት ቀን

አዲስ ዘዴ ሁሉ ያነሰ ሕመም፣ ፈጣን ወደ ሥራ መመለስ ይላል። ይህ እውነት መሆኑን የሚያረጋግጠው ታካሚዎችን በዕጣ መድቦ ማነጻጸር ነው። በ2016 በብሪታንያ የተካሄዱ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች በላንሴት መጽሔት ታተሙ፤ ሁለቱም ለቋንቋ ሰው ከሐኪሙ ያላነሰ ጕዳይ አላቸው።

የመጀመሪያው 777 ሰዎችን መድቦ ስቴፕለሩን ከቆርጦ ማውጣት ጋር አነጻጸረ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስቴፕለሩ ያነሰ ሕመም ነበረው። በሁለት ዓመት ሲታይ ግን በአሮጌው ዘዴ የታከሙት የኑሮ ጥራት የተሻለ፣ ማገርሸቱ ያነሰ፣ ወጪውም ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። «ትንሹ» በትልቁ ተረታ። ይህን ያወቅነው የታከመውን ቦታ በማየት ብቻ ሳይሆን ሰዎቹን ስለ ሕመማቸው፣ ስለ እንቅስቃሴያቸውና ስለ ጭንቀታቸው ደጋግሞ በመጠየቅ ነው።

ሁለተኛው 372 ሰዎችን ይዞ የጎማውን ቀለበት የደም ሥርን በድምፅ ሞገድ ፈልጎ ከማሰር ጋር አወዳደረ። በአንድ ዓመት ውስጥ ያገረሸባቸው ከጎማው ወገን 49 በመቶ፣ ከሌላው ወገን 30 በመቶ ናቸው። ቁጥሩ ብቻውን ሲነበብ ጎማው ተሸንፏል። የጥናቱ ጸሐፊዎች ግን ልዩነቱ የመጣው በአብዛኛው ከጎማው ወገን የነበሩት ሁለተኛ ማሰር ስላስፈለጋቸው መሆኑን አስረዱ፤ ሌላው ዘዴ የበለጠ እንደሚያምም፣ ታካሚዎችም ተደጋጋሚ የጎማ ሕክምናን ሊመርጡ እንደሚችሉ አከሉ። እንግዲህ ጥያቄው የትርጉም ነው። ሁለተኛው ማሰር የሕክምናው ቀጣይ ክፍል ነው ወይስ የመጀመሪያው መክሸፍ ማስረጃ? ለሳምንት የታዘዘ ክኒን በሁለተኛው ቀን ስለተዋጠ የመጀመሪያው ቀን ክኒን ከሸፈ አንልም። በአማርኛ «ተደገመለት» እና «አገረሸበት» የተለያዩ ግሦች ናቸው፤ በመጀመሪያው ባለቤቱ ሐኪሙ ነው፣ በሁለተኛው ሕመሙ። እንዲህ ያለ ጥናት በእኛ አካባቢ ሲካሄድ ከሁለቱ የትኛው እንደሚቈጠር አስቀድሞ በቃል ካልተወሰነ ከላይ ያለው የ19 ነጥብ ልዩነት ከሕክምናው ይሁን ከትርጉሙ መምጣቱን መለየት አይቻልም።

የዚያ ጥናት አንዱ መለኪያ ታካሚው ራሱ ሕመሙ ድኗል ወይም ተሽሏል፣ አለዚያም እንዳለ ነው ወይም ብሷል ብሎ የሚሰጠው ቀላል ፍርድ ነበር። ይህ አጠያየቅ ከ«ተመልሶ መጣ ወይ?» ይሻላል። ነገሩን አይቈጥርም፤ ሰውዬውን ከቀድሞ ሁኔታው ጋር ያስተያያል።

«ያለ ቀዶ»

«ሚኒማሊ ኢንቬሲቭ» የሚለውን ሐረግ በ1980ዎቹ ያስፋፋው ዊካም የተባለ እንግሊዛዊ የሽንት አካላት ቀዶ ሐኪም ነው። የሐረጉ ሥር የጦርነት ቃል ነው፤ ሐኪሙ ሰውነትን ይወርራል ማለት ነው። «አነስተኛ ወረራ» የሚል የአማርኛ ትርጉም በአንድ የሥልጠና ጽሑፍ ላይ አንብቤ ፈገግ ብያለሁ። በብዙዎች ዘንድ የተለመደው «በትንሽ ቀዳዳ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና» የሚለው ነው፤ ለሆድ ዕቃ ቀዶ ሕክምና ይስማማል። ፊንጢጣ ግን ተፈጥሮ የሠራው መውጫ ስለሆነ አዲስ ቀዳዳ አይበሳበትም፤ እዚህ «ትንሽ» የሚባለው የሚጎዳው ሥጋ መጠን ነው።

በአዲስ አበባ መንገዶች ዳር የሚታየው ሦስተኛው መንገድ ነው፤ ኪንታሮትን «ያለ ቀዶ ጥገና» እናክማለን የሚል ማስታወቂያ ከባህል መድኃኒት አዋቂውም፣ ሌዘር ካለው ክሊኒክም ይነበባል። ቀዶ ጥገና ብዙ ያስተማረኝ ቃል ነው። «ቀዶ» ቀደደ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን «ጥገና» እድሳት ነው፤ ቀድዶ የሚጠግን ሥራ። «ያለ ቀዶ» የሚለው የሚክደው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው። በጎማ ማነቅ በእርግጥ ያለ ቀዶ ነው። በሌዘር ማቃጠል ሥጋ አይቀድድም፣ ግን ያጠፋል። የሚያቃጥል ቅባት መቀባትም አይቀድድም፤ ጠባሳው መውጫውን ሊያጠብ ይችላል። ሐረጉ በሦስቱም ላይ በቋንቋ ደረጃ እውነት ነው፤ ታካሚው ሊያውቀው ስለሚገባው ነገር ግን ምንም አይናገርም።

ከዚህ የከፋው ኪንታሮት የሚለው ስም ራሱ የምርመራ ውጤት መስሎ መቆጠሩ ነው። የትልቁ አንጀት መጨረሻ ካንሰርም ያደማል። የደማ ሁሉ «ኪንታሮት ነው» ተብሎ ማስታወቂያው ወዳመለከተው ቤት ሲሄድ የሚባክኑት ወራት ናቸው።

ፊስቱላ፣ የሴት በሽታ

ከኪንታሮት ጥናቱ ጎን ሌላ ቅጽ ነበር፤ ከፊንጢጣ አጠገብ ስለሚከፈትና መግል ስለሚያፈስ ቦይ። በበሩ ላይ «የፊስቱላ ጥናት» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አንድ ጎልማሳ ሰው ወረቀቱን አንብቦ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ተመልሶ ወጣ። ነርሷ ተከትላ ስትጠይቀው «እኅቴ፣ እሱ የሴቶች አይደለም እንዴ?» አላት።

ተሳስቷል ለማለት አልችልም። ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን በ1959 አዲስ አበባ መጥተው በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከከፈቱ ወዲህ ቃሉ በአማርኛ አንድ ትርጉም ብቻ ይዟል፤ በተራዘመ ምጥ ሽንት ወይም ዐይነ ምድር መቆጣጠር ያቃታት እናት። ያ ሆስፒታል ቃሉን ከኀፍረት አውጥቶ በአደባባይ እንዲነገር ስላደረገ የሚመሰገን ነው። ዋጋው ግን ወንዱ ታካሚ ስም አልባ መቅረቱ ነው። በላቲን ፊስቱላ ሸምበቆ፣ ቧንቧ ማለት ሲሆን ለወንድም ለሴትም፣ ለፊንጢጣም ለሌላም ይሠራ ነበር።

የዚህ ቦይ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ረጅም ነው። በሂፖክራተስ ስም የሚጠሩት ጽሑፎች በቦዩ ውስጥ ክር አሳልፎ ቀስ በቀስ ማጥበቅን ይገልጻሉ፤ ህንዳውያን መድኃኒት የተቀባ ክር ይጠቀማሉ። የእንግሊዙ ጆን አርደርን በ1376 ገደማ በጻፈው ድርሳን ቦዩን መሰንጠቅን አስተማረ። የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ በኅዳር 18 ቀን 1686 በፌሊክስ እጅ ተሰነጠቀ፤ ቀዶ ሐኪሙ አስቀድሞ በፓሪስ ሆስፒታል ድኾች ላይ እጁን እንዳለማመደ ይነገራል። የንጉሡ መዳን በቀኑ ተመዝግቧል፤ ለልምምድ ያገለገሉት ሰዎች ስም ግን አልተመዘገበም። በ1835 ፍሬድሪክ ሳልመን በለንደን ሰባት አልጋ ያለው የድኾች መታከሚያ ከፈተ፤ በኋላ ቅዱስ ማርቆስ የተባለው እሱ ነው። ደራሲው ቻርልስ ዲክንስ በ1841 በዚሁ ሐኪም ስለዚሁ ሕመም ተሰንጥቋል።

መሰንጠቅ ያድናል፤ ቦዩ በብዙ ጡንቻ ውስጥ ካለፈ ግን ጡንቻው ሲቆረጥ ሰውዬው ዐይነ ምድሩን መቆጣጠር ያቅተዋል። በ1976 ፓርክስና ባልደረቦቹ በ400 ታካሚዎች ላይ ተመሥርተው ቦዮቹን ከጡንቻው ጋር ባላቸው ግንኙነት መደቡ። ከዚያ በኋላ የመጣው «ትንሽ» ዘዴ ሁሉ ጡንቻውን ላለመንካት የሚደረግ ጥረት ነው፤ በ2007 የባንኮኩ ሮጃናሳኩል በጡንቻዎቹ መካከል ገብቶ ቦዩን ማሰርን አቀረበ፣ ሌሎች ካሜራና ሌዘር ወደ ቦዩ አስገቡ። በ1991 የታተመ የህንድ የንጽጽር ጥናት ደግሞ የጥንቱ ክር ከመሰንጠቅ ይልቅ ዘግይቶ እንደሚያድን፣ ማገርሸቱ ግን እንደሚያንስ አሳየ።

እዚህ የሚለካው ሁለት ነገር ነው፤ ቦዩ መዘጋቱና መቆጣጠር አለመጎዳቱ። የኋለኛውን ለመለካት በሰፊው የሚሠራበት በ1993 የወጣው የጆርጅና ዌክስነር መለኪያ ነው፤ አምስት ጥያቄዎች አሉት፣ ድምሩ ከ0 እስከ 20 ይደርሳል። ከአምስቱ አንዱ ስለ ጋዝ ይጠይቃል። የእኛ ተርጓሚ ፈስ የሚለውን ቃል በመሸሽ «አየር ያመልጥዎታል?» ብሎ ጻፈ። አንዲት እናት ሲጠየቁ ጥቂት አሰቡና «ደረጃ ስወጣ ብቻ» አሉ። በመጠይቁ ላይ «አልፎ አልፎ» ተብሎ ተመዘገበላቸው።

በመጨረሻው ቅጽ ላይ «ተመልሶ መጣ ወይ?» ወጥቶ በሦስት ጥያቄዎች ተተካ፦ ከታከሙ በኋላ ደም አይተዋል? የሚወጣ ነገር አለ? ሁኔታዎ ከቀድሞው ይሻላል፣ እንዳለ ነው፣ ወይስ ብሷል? ፊንጢጣ የሚለው ቃል ገባ፤ ነርሶቹ መጀመሪያ ቢያፍሩም ታካሚዎቹ ብዙም አልከበዳቸውም። በበሩ ላይ የነበረው ወረቀት «ከፊንጢጣ አጠገብ መግል የሚያፈስ ቀዳዳ ላላቸው ወንዶችና ሴቶች» በሚል ተለወጠ። «አየር» በ«ፈስ» እንዲተካ ያቀረብሁት ሐሳብ በቡድኑ ውስጥ ረጅም ክርክር አስነሥቶ «ከሆድ የሚወጣ አየር» በሚል ታረቀ። የስምምነት ቅጹ ላይ ያለው «ያለ ቀዶ ጥገና» ግን እኔ ስመለስ እንደነበረ ነበር፤ ሐኪሞቹ ታካሚው እንዳይፈራ ያስፈልጋል አሉ።